ሹፌሯ ቤልት አላት፣ እኛ ለምን የለንም?

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። እኛ መኪና ውስጥ ቡስተሩ ላይ ተቀምጦ ቤልቱ ቀጭ ሳይል ሞተር አይነሳም፣ እሱም ለምዶታል፣ እንዲያውም አንዳንዴ እኔ ስረሳ እሱ ነው የሚያስታውሰኝ። ታዲያ አንድ ቀን ማታ እራት እየበላን ድንገት «ባሱ ላይ ሹፌሯ ቤልት ታስራለች፣ እኛ ግን የለንም፣ ለምን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሜሪላንድ ውስጥ 8 ዓመት ያልሞላውን ልጅ፣ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልደረሰ በቀር፣ ያለ ልጅ መቀመጫ ይዤ ብገኝ ፖሊስ ቲኬት ይሰጠኛል፣ ያው ልጅ ግን ጠዋት ቢጫው ባስ ላይ ሲወጣ ምንም የሚታሰር ነገር የሌለው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይሄዳል፣ እሱም ህጋዊ ነው። ለሱ ልመልስለት ብዬ የጀመርኩት ንባብ ሳምንታት ፈጀብኝ፣ ያገኘሁት ነገር ደሞ ከጠበኩት በጣም ስለተለየ ለሌላም ወላጅ ይጠቅማል ብዬ ነው የምፅፈው። (ቀኑም ወሩም ዓመተ ምህረቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። የሆነ ቦታ ስኩል ባስ በተገለበጠ ቁጥር ቪዲዮው በዋትስአፕና በቫይበር ይዞርና «ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼን ራሴ ነኝ የማደርሰው» የሚል ወላጅ ይበዛል፣ ስሜቱ ይገባኛል፣ እኔም አስቤው አውቃለሁ። ግን ልጁን ከባስ አውርዶ መኪና ላይ መጫን ልጁን ወደ ባሰ አደጋ ማስገባት ነው። ኤንኤችቲኤስኤ የሚባለው የፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት እንደሚለው በስኩል ባስ የሚሄድ ተማሪ በመኪና ከሚሄደው ይልቅ ትምህርት ቤት በሰላም የመድረስ እድሉ 70 እጥፍ አካባቢ ይበልጣል። በየቀኑ 25 ሚሊዮን አካባቢ ልጆች በዚህ ባስ ይመላለሳሉ፣ ባስ ውስጥ ተቀምጠው በአደጋ የሚሞቱት ደሞ በዓመት በአማካይ 6 አካባቢ ናቸው። ስድስት ልጅ ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም፣ ለእናቱ አንዱም ሙሉ ዓለም ነው። ማለት የፈለኩት ጥያቄያችን «ባሱ አደገኛ ነው ወይ?» መሆን የለበትም ነው፣ መሆን ያለበት «እነዚህስ ስድስቱ ለምን ይሞታሉ?» ነው።

ለመሆኑ ያለ ቤልት እንዴት እንደዚህ ደህና ሆነ? ትምህርት ሊጀመር ሰሞን ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ባሱን እንዲያዩ ተፈቅዶ ነበርና ወጥቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ወዲያው ከፊት ያለውን ወንበር ነካ። የፊቱ መደገፊያ ከልጄ ጭንቅላት በላይ ከፍ ይላል፣ ወፍራም ነው፣ በእጄ ገፋ ሳደርገው ትንሽ ይሰጣል። ጥበት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሆን ተብሎ ነው። ከሚያዝያ 1977 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የፌደራል ደረጃ 222 የሚባለው ህግ ትልልቅ ስኩል ባሶች ወንበራቸው ተጠጋግቶ፣ ከፍ ብሎ፣ ከፊትም ከኋላም ታሽጎ እንዲሰራ ያዛል፣ የብረቱ አጥንትም ሲመታ ጎበጥ እያለ የግጭቱን ጉልበት እንዲውጥ ነው የሚሰራው። ኮምፓርትመንታላይዜሽን ይሉታል። እኛ ከአዲስ አበባ ሲኒ በሻንጣ ስናመጣ እያንዳንዷን በነጠላ በፎጣ ጠቅልለን ጥቅጥቅ አድርገን እንደምናስገባው ማለት ነው፣ ሻንጣው ወደፊት ቢገፋም ቢቆምም ሲኒዋ ከጎኗ ያለውን ጨርቅ ነው የምታገኘው። በ2008 በወጣው ማሻሻያ ደሞ የመደገፊያው ቁመት ከ20 ኢንች ወደ 24 ኢንች ከፍ ብሏል።

የልጄ ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው ያለው። ሹፌሯ ፊት ለፊቷ ያለው መሪና መስታወት ነው፣ የሚቀበላት የታሸገ ወንበር የለም፣ ስለዚህ ቤልት ግዴታዋ ነው። ልጆቹን ግን ወንበሩ ይይዛቸዋል ተብሎ ነው የታሰበው። ባሱም ትልቅና ከባድ ስለሆነ ከመኪና ጋር ሲጋጭ የሚጎዳው መኪናው ነው፣ ልጆቹም ከፍ ብለው ነው የሚቀመጡት፣ የመኪና አፍንጫ ከእግራቸው በታች ያልፋል።

እዚህ ድረስ አሳማኝ ነው። ችግሩ ሻንጣው ሲገለበጥ ነው።

ህዳር 21 ቀን 2016 ቴነሲ ቻታኑጋ ከተማ ውስጥ የዉድሞር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 37 ልጆችን የጫነ ባስ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት እየመለሳቸው ነበር። የመንገዱ ፍጥነት ወሰን በሰዓት 30 ማይል ነው፣ ሹፌሩ ወደ 50 ማይል እየነዳ ነበር፣ ስልክም ያወራ ነበር። ባሱ ጠመዝማዛው ላይ ከመንገድ ወጣ፣ ምሰሶ መታ፣ በጎኑ ተገለበጠና ዛፍ ላይ አረፈ። 6 ልጆች ሞቱ። እንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ የፊቱ ወንበር ምንም አያደርግም፣ ምክንያቱም ልጁ የሚወረወረው ወደፊት አይደለም፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ወደ መስኮቱ፣ ጓደኛው ላይ ነው። ኤንቲኤስቢ የሚባለው የአደጋ መርማሪ ቦርድ ይሄንን ለዓመታት ሲናገር ነበር፣ የታሸገው ወንበር ከፊትና ከኋላ ለሚመጣ ግጭት ይሰራል፣ ከጎን ለሚመጣና ለመገልበጥ ግን አይበቃም፣ በተለይ የሚመታው ከባድ መኪና ሲሆን። ቻታኑጋን መርምሮ በግንቦት 2018 ህግ ለሌላቸው ስቴቶች ሁሉ አዲስ የሚገዛ ትልቅ ባስ ባለ ሶስት ነጥብ ቤልት (ወገብንም ትከሻንም የሚይዘው) ይኑረው ብሎ ምክር አቀረበ። ቦርዱ ግን ምክር እንጂ ህግ ማውጣት አይችልም። ህግ ማውጣት የሚችለው ኤንኤችቲኤስኤ ነው፣ የቀድሞ ሃላፊው ማርክ ሮዝካይንድም ከዛ ቀደም ብለው በህዳር 2015 እያንዳንዱ ልጅ በእያንዳንዱ ባስ ላይ ሶስት ነጥብ ቤልት ሊኖረው ይገባል ብለው በይፋ ተናግረው ነበር፣ ሆኖም ትልልቁን ባስ የሚያስገድድ የፌደራል ህግ ሳይከተል ቀረ።

«ትልልቁ» የምለው በምክንያት ነው። ከነሙሉ ጭነቱ ክብደቱ 10,000 ፓውንድ፣ በኛ 4,500 ኪሎ ገደማ፣ ወይም ከዛ በታች የሆነ ትንሽ ስኩል ባስ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ የሚመረተው ሁሉ ሶስት ነጥብ ቤልት በየወንበሩ እንዲኖረው የፌደራል ህግ ያስገድዳል። ምክንያቱም ቀላል መኪና ነው፣ ሲጋጭ እንደ ትልቁ ባስ ጉልበቱን አይውጥም። ይቺን ነገር ያዟት፣ ወደ መጨረሻ ስለ አዲስ አበባ ሳወራ ታስፈልገናለች።

ሌላው ብዙ ወላጅ የማያውቀው ቤልት ሲባል ሁሉም አንድ አለመሆኑ ነው። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው የአውሮፕላን አይነቱ ሌላ ነው፣ ትከሻን ጨምሮ የሚይዘው ሌላ ነው። ወገብ ብቻ ሲታሰር ግጭት ሲመጣ ልጁ ከወገቡ ይታጠፍና ጭንቅላቱ ከፊት ካለው ወንበር ጋር ይጋጫል፣ ቤልቱም ሆዱ ውስጥ ይገባል። ካናዳ ውስጥ በ1984 በተደረገ የግጭት ሙከራ የወገብ ቤልት የጭንቅላት ጉዳትን ሊያባብስ እንደሚችል ታይቷል። ኒውጀርሲ ማውንት ኦሊቭ ላይ ግንቦት 17 ቀን 2018 የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ለጉብኝት የያዘ ባስ ሹፌሩ መውጫው አምልጦት ሀይዌዩን አቋርጦ ሊዞር ሲሞክር ገልባጭ መኪና መታው፣ አንዲት ተማሪና አንዲት አስተማሪ ሞቱ፣ ያ ባስ ቤልት ነበረው፣ ግን የወገብ ብቻ። በዛው ዓመት ነሐሴ ኒውጀርሲ ህጉን ቀይሮ አዲስ ባስ ሁሉ ባለ ሶስት ነጥብ እንዲሆን አደረገ። ኒውዮርክ ደሞ ከ1987 ጀምሮ የወገብ ቤልት እንዲገጠም አዟል፣ ማሰሩን ግን ለየትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ነው የተወው። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ተነስተን «ቤልት ይግባልን» ብቻ ካልን የማይረባውን አስገብተው ጥያቄያችሁ ተመልሷል ሊሉን ይችላሉ። ስሙን ጠርተን ባለ ሶስት ነጥብ ማለት አለብን።

አሁን የሚቃወሙት ሰዎች የሚሉትን እንስማ፣ ምክንያታቸው ባዶ አይደለምና።

አንደኛው ብር ነው። ለአንድ አዲስ ባስ ከ7 እስከ 10 ሺህ ዶላር ይጨምራል ይባላል፣ መቶዎች ባስ ላለው ዲስትሪክት ሚሊዮኖች ማለት ነው፣ ያው ብር አስተማሪም ነርስም ሊቀጠርበት ይችላል። እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። 10 ሺህ ብለን፣ ባሱ 15 ዓመት አገልግሎ፣ በዓመት 180 ቀን፣ 50 ልጅ ይዞ ቢሄድ ለአንድ ልጅ በቀን 7 ሳንቲም አካባቢ ነው የሚወጣው። ሰባት ሳንቲም! ድሮ ሶስት ትንንሽ ልጅ የሚቀመጥበት ወንበር በቤልት ሁለት ብቻ ይይዛል፣ ባስ ይጨመራል የሚለውም አሁን ብዙ አይሰራም፣ ለሶስት ትንሽ ወይም ለሁለት ትልቅ ልጅ የሚስተካከል ወንበር ተሰርቷልና።

ሁለተኛው እሳት ነው። ባሱ ቢቃጠል ወይ ውሃ ውስጥ ቢገባ የታሰረ ልጅ እንዴት ይወጣል? ይሄ እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም በአሜሪካ ታሪክ ከሁሉ የከፋው ከሚባሉት አንዱ የኬንታኪው ካሮልተን አደጋ ነው። ግንቦት 14 ቀን 1988 ማታ የቤተክርስቲያን ወጣቶችን ከሽርሽር ይመልስ የነበረ ባስ ሰክሮ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሚነዳ ሰው ጋር ተጋጭቶ 27 ሰው ሞተ፣ የገደላቸው ግጭቱ ሳይሆን እሳቱና ጭሱ ነው። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ባሱ አዲሱ የደህንነት ህግ ሊፀና ቀናት ሲቀሩት በመጋቢት 1977 የተሰራ ነበር፣ የነዳጅ ታንከሩ መከላከያ አልነበረውም፣ የወንበሩ ስፖንጅ እሳት ይወድ ነበር፣ የፊቱ በር በግጭቱ ተዘግቶ የቀረው የኋላው አንድ በር ብቻ ነው፣ እሱም ጋ ልጆቹ ተደራርበው ታፈኑ። መፍትሄው ታንከር መከለል፣ መውጫ ማብዛት፣ የማይነድ ጨርቅ መጠቀም ነበር፣ ብዙውም ከዛ ወዲህ ተደርጓል። ደሞ በግጭቱ ጭንቅላቱን ተመቶ ራሱን የሳተ ልጅ ቤልት ባያስርም አይወጣም፣ ታስሮ ነቅቶ ያለ ልጅ ግን ቁልፉን አንዴ ተጭኖ መነሳት ይችላል። ለዚህ ነው ልምምዱ በዓመት ለወጉ ያህል መሆን የሌለበት፣ ትንሹም ልጅ ጨለማ ውስጥ በእጁ ዳብሶ እስኪፈታ ድረስ ሊለማመደው ይገባል።

ሶስተኛው ልጆቹ አያስሩትም የሚለው ነው። አላባማ በ2006 ሀንትስቪል ላይ አራት ተማሪዎች ከሞቱ በኋላ 12 ባስ ላይ ቤልት ገጥሞ አስጠንቷል፣ የሚያስሩት በአማካይ ከ61 በመቶ ትንሽ ቢበልጡ ነው። እኔ ይሄን ቁጥር ሳይ የማየው ሌላ ነገር ነው። የሚያሳስር ሰው ከሌለ ልጅ አያስርም፣ መኪናችን ውስጥም እኛ ካልጮህን አያስሩም ነበር። ረዳት ያለበት፣ ወላጅ የተነገረበት፣ ህግ ሆኖ የተያዘበት ቦታ ልጁ ይለምዳል። እንዲያውም ቤልት ያስገቡ ብዙ ዲስትሪክቶች ልጆቹ መነሳትና መደባደብ ስለተዉ ሹፌሩ ዓይኑን ከመስታወቱ ወደ መንገዱ መለሰ ይላሉ። ስኩል ባስ የሚነዳ ሀበሻ ወዳጅ ያለው ሰው ይጠይቀው፣ 50 ልጅ ከጀርባህ እየጮኸ መንዳት ምን እንደሆነ ይነግረዋል።

በዚህ መሃል ስቴቶቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ካሊፎርኒያ ከ2005 ጀምሮ አዲስ ትልቅ ባስ ላይ ሶስት ነጥብ ያስገድዳል፣ በ2035 ደሞ አሮጌውም ሳይቀር ሁሉም እንዲኖረው አዟል። ቴክሳስ 2018 ሞዴልና ከዛ ወዲህ ላሉት ህግ አወጣ፣ ዲስትሪክቱ ብር የለኝም ካለ ግን ማምለጫ ነበረው። በመጋቢት 2024 ኦስቲን አጠገብ ትንንሽ ልጆችን ከእንስሳት ፓርክ ጉብኝት ይመልስ የነበረ ባስ ኮንክሪት የሚረጭ ከባድ መኪና መስመር ለቆ ሲመታው ተገለበጠ፣ አንድ ሕፃን ሞተ፣ ከኋላ በመኪና ይመጣ የነበረ ወጣትም ሞተ። ባሱ 2011 ሞዴል ስለነበር ቤልት አልነበረውም። ከዛ በኋላ በ2025 እስከ 2029 ሁሉም ባስ እንዲኖረው የሚል ህግ ወጣ። እኛ ብዙ ሀበሻ የምንኖርባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን ለትልልቁ ባስ የሚያስገድድ ህግ የላቸውም።

የአላባማው ጥናት ግን አንድ የተናገረው ቁም ነገር አለ፣ እሱን ካልነገርኳችሁ ግማሹን ደበኩ ማለት ነው። ልጆች ከባሱ ውስጥ ይልቅ ከባሱ ውጪ፣ ሲወጡና ሲወርዱ ነው የበለጠ የሚሞቱት። ጥቅምት 30 ቀን 2018 ኢንዲያና ሮቼስተር ውስጥ ገና ጎህ ሳይቀድ አንዲት የ9 ዓመት ልጅና መንታ ወንድሞቿ፣ ስድስት ስድስት ዓመታቸው ነበር፣ ባሱ መብራቱን አብርቶ ስቶፕ ምልክቱን ዘርግቶ እየጠበቃቸው መንገዱን ሲሻገሩ ፒክ አፕ መኪና መታቸውና ሶስቱም ሞቱ። ሶስት ልጅ ከአንድ ቤት በአንድ ጠዋት። ባሱ ምንም አልሆነም፣ ቤልት ቢኖርም አያድናቸውም ነበር። የባስ ሹፌሮችን አስቆጥሮ የሚገምተው ሀገር አቀፍ ዳሰሳ የተዘረጋ ስቶፕ ምልክት አልፎ የሚሄደው መኪና በአንድ የትምህርት ዓመት 40 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ነው ይላል።

ይሄ በቀጥታ እኛን ይመለከታል፣ ምክንያቱም ኡበርና ሊፍት፣ ታክሲ፣ ዴሊቨሪ እየነዳን ሌሊትና ንጋት መንገድ ላይ የምንውለው እኛ ነን። ሜሪላንድ ውስጥ በመሃል ግንብ ወይም ሳር ያለበት አካፋይ ከሌለ በቀር ከወዲያ ማዶ የሚመጣውም መኪና መቆም አለበት፣ መንገዱ አራት መስመር ቢሆንም፣ መሃሉ ላይ ያለው የተቀባ ቢጫ ብቻ ከሆነ አካፋይ አይባልም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ ከዛ ከባሱ ካሜራ የተነሳ ፎቶ በፖስታ ሲመጣለት «እኔ'ኮ በሌላ በኩል ነበርኩ» ይላል። ቅጣቱ ያናድዳል፣ ግን ፎቶው ላይ ከባሱ ፊት የምትታየውን ትንሽ ቦርሳ አንዴ ልብ ብሎ ማየት ነው።

ልጆቻችንንም እናስተምር። ሹፌሯ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ ከባሱ አፍንጫ ስር ያለ ልጅ አይታያትም። በባሱ ዙሪያ 10 ጫማ፣ በልጅ ርምጃ አምስት ትልልቅ ርምጃ፣ የአደጋ ቀጠና ነው ይላሉ፣ ሲሻገር ፊቷን አይቶ በእጇ እስክትጠራው መጠበቅ አለበት፣ የወደቀ ወረቀት ለማንሳት ጎንበስ ማለት ደሞ በፍፁም አይሆንም። የጃኬት ገመድና የቦርሳ ማንጠልጠያ በበሩ መያዣ ብረት ላይ ተይዞ የተጎተቱ ልጆች አሉ፣ እኔ የልጄን ኮፍያ ገመድ በመቀስ ቆርጬ ነው የጣልኩት።

የሹፌሩ ጉዳይም አለ። ህዳር 1 ቀን 2016 ባልቲሞር ላይ ልጆችን ለመሰብሰብ እየሄደ የነበረ ስኩል ባስ የከተማ አውቶብስ ውስጥ ገብቶ 6 ሰው ሞተ፣ ተማሪ አልተሳፈረም ነበር፣ ሹፌሩ የሚጥል በሽታ የነበረበትና ከዛ በፊትም አደጋ ያደረሰ ሰው ነበር። ቻታኑጋም ሹፌሩ ላይ ቅሬታ ሲቀርብ የሰማ አልነበረም። ቴነሲ ከዛ በኋላ የስኩል ባስ ሹፌር ዕድሜ ቢያንስ 25 ይሁን አለች። ቤልት የመጨረሻው መከላከያ ነው፣ ከሱ በፊት ቅሬታ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ይሄን ሁሉ በስልክ ስነግራት «በቃ አሜሪካም ቤልት ከሌለው የኛ ሰርቪስ ምን አለበት» አለችኝ፣ እሷ ብቻ አይደለችም እንደዚህ የምታስበው። ግን ሲኒዋን አስታውሱ። የአሜሪካው ትልቅ ባስ ቤልት የተተወለት ወንበሩ ታሽጎ ተጠጋግቶ ስለተሰራና ባሱ ከባድ ስለሆነ ነው። እዛ ሰርቪስ የሚባለው አብዛኛው ሀይሩፍ ሚኒባስ ነው፣ ከነሙሉ ጭነቱ ክብደቱ ሶስት ቶን ገደማ፣ ወንበሩ አጭር፣ ብረቱ ፊት ለፊት የሚታይ፣ ታጣፊ ወንበር መሃል ላይ፣ ሞተሩ ክዳን ላይ ጀርባቸውን ለሹፌሩ ሰጥተው የሚቀመጡ ልጆች። በአሜሪካ ሚዛን ብንለካው እሱ መኪና ቤልት ግዴታ የሆነበት የትንሽ ባስ ክፍል ውስጥ ነው የሚገባው። እንዲያውም እዚህ ተማሪ ለማመላለስ ተብሎ እንዲህ ያለ አዲስ ቫን ለትምህርት ቤት መሸጥ ለአከፋፋዩ በፌደራል ህግ ክልክል ነው። የዛኛው አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ ረዳቷ ወርዳ የልጁን እጅ ይዛ ታሻግረዋለች፣ ይሄንን እዚህ ብዙ ቦታ አላየሁም፣ ቢኖር ደሞ ስንቱን ልጅ ባተረፈ ነበር።

ለእህቴ ቤልት ጠይቂ አላልኳትም፣ መጀመሪያ ወንበር ቁጠሪ ነው ያልኳት። በማግስቱ ጠዋት ሰርቪሱ በራቸው ላይ ሲቆም ቆጥራ ደወለችልኝ። ወንበሩ አስራ አንድ ነው፣ ልጆቹ አስራ ዘጠኝ።